አጭሩን ሰልፍ ይዤ ቁስለኛ የሆንኩ ቀን

የዚያን ቀን የሠራሁት ሞኝነት አጭሩን ሰልፍ መያዜ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሆኜ፣ ያውም ዕድሜዬን በሰልፍ መሀል ጨርሼ፣ አጭር ሰልፍ ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። በዚህ ከተማ አጭር ሰልፍ ማለት ወይ የሚታደለው ነገር አልቋል፣ ወይ ገና አልመጣም፣ ወይ ደግሞ ማንም የማይፈልገው ነገር ነው። እኔ ግን ከጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በጠዋት ወርጄ፣ ታክሲ ውስጥ በሁለት ወፍራም ሴቶች መሀል እንደ ደብዳቤ ታሽጌ፣ ለቡ አጠገብ ወዳለው ሆስፒታል የመጣሁት የደም ግፊቴን ለመለካት ነበር። የግፊቱ ሰልፍ ከበሩ ወጥቶ የሊስትሮዎቹን ወንበር አልፎ ሄዷል። ግቢው ውስጥ ግን ድንኳን ተተክሎ፣ ከሥሩ ጥቂት ሰዎች እየሳቁ ተሰልፈዋል። እየሳቁ ነው የምላችሁ። ሆስፒታል ውስጥ ሰው እየሳቀ ሲሰለፍ አይቶ ምንድነው ብሎ የማይጠይቅ ሽማግሌ ምን ይባላል? ንጋቱ ይባላል። እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጡረታ ሳልወጣ የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ። «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» ስል መጨረሻው ወንበር ላይ የተኛ ሰው ይነቃል፤ አንዳንዴም ከኋላችን የሚመጣው አውቶቡስ ተሳፋሪ ይጠጋል ይሉኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ቦርሳዬንና ኮፍያዬን ተቀብሎ ድምፄን ግን ይዤው እንድሄድ ተወልኝ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ዝምታ የምትወድ ሴት ናት። ሳሎናችን ውስጥ አፌን ስከፍት፣ «ንጋቱ፣ እዚህ ቤት የቆመ ተሳፋሪ የለም» ትለኛለች። ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል። እውነቱን ለመናገር በየወሩ ሆስፒታል የምሄደው ከግፊቱ ይልቅ ሰልፉ ላይ የሚያወራኝ ሰው ስለማላጣ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እጅጌዬን እስከ ትከሻዬ ሰብስቤ ክንዴን አቀረብኩ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ወጣት ክንዴን ዞር ብላም አላየችው። በብሩሽ ግንባሬ ላይ ቀይ ነገር ትቀባ ጀመር። ቴክኖሎጂው ተሻሽሏል ማለት ነው ብዬ ግንባሬን አስጠጋሁላት። አላዋቂ እንዳልባል ስል በዕድሜዬ ብዙ ነገር ውጫለሁ፤ ይህንንም ዋጥኩት።

«አባባ፣ መጮህ ይችላሉ?» አለችኝ።

«ለግፊቱ ነው?»

«ኧረ ለአደጋው ነው።»

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሆስፒታሉ ነርሶቹን ለድንገተኛ አደጋ የሚያሠለጥንበት ቀን ነው። የታሰበው አደጋ ደግሞ ይህ ነው፦ ለቡ ላይ የሚሠራ ሕንጻ የእንጨት መወጣጫው ተደርምሶ ታክሲ ለመያዝ በተሰለፉ ሰዎች ላይ ወድቋል። ድንኳኑ ሥር የተሰለፉት ቁስለኞቹ ናቸው። የሠፈር ወጣቶችና የሆስፒታሉ ሠራተኞች ሞልተዋል፤ የጎደላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ድርሻዬንም ነገረችኝ፤ እግሬ ትንሽ ወለም ብሎታል፣ ግንባሬ ተጭሯል፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም፤ ግን ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነኝ፤ የያዝኩትንም ነርስ አልለቅም።

«ማን ነገራችሁ? ዘነበች እዚህ መጥታ ነበር?» አልኳት።

በስህተት ነው የመጣሁት ብዬ መነሳት እችል ነበር። አልተነሳሁም። ከጡረታ ወዲህ ሰው ሁሉ ዝም በል ሲለኝ ነው የኖረው። ጩኽ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ይህች ልጅ ናት። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት?

ግቢው መሀል አሮጌ አጣናና ጣውላ ተዘበራርቆ ተጥሏል። እኛ ቁስለኞቹ በየመሀሉ ተጋደምን። ከእኔ ቀጥሎ የተኛችው እቴነሽ የምትባል የልብስ ንጽሕና ሠራተኛ ናት፤ የሆስፒታሉን አንሶላ የምታጥበው እሷ ናት። የእሷ ድርሻ ከባዱ ነው። ጭኗ ላይ ደም በኃይል እየፈሰሳት ነው፣ ራሷን ልትስት ነው፣ ድምፅ አታሰማም። ቶሎ ከታሰረላት ትድናለች፤ ካልታሰረላት ታልፋለች።

ሥልጠናውን የምትመራው የነርሶቹ አለቃ መትረኗ ናት፤ ሲስተር ወርቅነሽ ይሏታል። አጭር፣ ጠንካራ፣ አንገቷ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለች ሴት። ነርሶቹን አሰልፋ ስትነግራቸው እኛም ተኝተን እንሰማለን። አራት ዓይነት ካርድ አለ። በራሱ መራመድ ለሚችል አረንጓዴ፣ ትንሽ መቆየት ለሚችል ቢጫ፣ አሁኑኑ ካልተደረሰለት ለሚሞት ቀይ፣ ላለቀለት ጥቁር። መጀመሪያ መራመድ የሚችሉትን ወደ ዝግባው ዛፍ ሥር አውጡ፤ ከዚያ የቀሩትን አንድ በአንድ እዩ። «የሚጮኽ ሰው እየተነፈሰ ነው» አለች። «እናንተ ፈልጉልኝ የምላችሁ ዝም ያለውን ነው።»

ቡድኑን እንድትመራ የተመደበችው ፈቲያ የምትባል ቀጭን ነርስ ናት። አባቷ ጀሞ ገበያ ጨርቅ እንደሚሸጥና መንገድ ላይ ሽማግሌ ስታይ ጎንበስ ብላ ሳትሳለም እንደማታልፍ በኋላ ነው የሰማሁት። እቴነሽ ዓይኗን እንደጨፈነች ጉዳዩን ሹክ አለችኝ። ፈቲያ ድንገተኛ ክፍል የገባችው ለሙከራ ነው፤ ልቧ ደግሞ እዚያው ነው። መትረኗ ዛሬ ሦስት ዙር ታሠራቸዋለች። ፈቲያ በሦስተኛው ዙር እንኳ መዳን የሚችል ሰው ከሞተባት ወደ ተመላላሽ ክፍል ትመለሳለች፤ ድንገተኛ ክፍልን አታየውም።

«እንግዲህ ጋሼ፣ እንዳያበላሹባት» አለችኝ እቴነሽ።

ፊሽካው ተነፋ። እኔም ጮኽኩ። ኧረ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የዓመታት ጩኸት ነው የወጣው። የግፊት ሰልፍ ላይ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ፤ አንድ የማላውቃቸው ሰው ጋቢያቸውን ይዘው ሊሸፍኑኝ ሲሮጡ ዘበኛው መለሳቸው። ፈቲያ «መራመድ የምትችሉ…» ስትል ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እያለፈች ሳለ የጋውኗን ጫፍ ያዝኩ።

«ልጄ፣ ልሞት ነው። ኑዛዜዬን ስሚኝ።»

ተንበረከከች። እዚህ አገር ኑዛዜ የሚናገር ሽማግሌ ጥሎ የሚሄድ ማን ነው? ሬዲዮዬን ለዘነበች ተናዘዝኩ። ከዚያ ዘነበች ድምፁን እንደምትቀንሰው ትዝ ሲለኝ ለጎረቤቴ አዛወርኩት። ከዘራዬን ለማን እንደምሰጥ ትንሽ አሰብኩበት። ፈቲያ እጄን ይዛ፣ «እሺ አባባ፣ ከዘራው ለማን ይሁን?» ትለኛለች። ሌሎቹ ነርሶችም እሷ የተንበረከከችበት ቦታ ትልቅ ጉዳይ አለ ብለው መጥተው ከበቡኝ። ፊሽካው ሲነፋ ቀና ብለን አየን። ሲስተር ወርቅነሽ እቴነሽ አጠገብ ቆማ ጥቁር ካርድ እያንጠለጠለችባት ነው።

«ይህች ሴት ደሟ አልቆ ሞታለች» አለች። «የገደላት መወጣጫው አይደለም። ይሉኝታችሁ ነው።»

ፈቲያ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተዋናይነቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ፈቲያ ዘዴ ይዛ መጣች፤ ገና ከሩቁ ወደ እኔ ላለማየት ፊቷን አዞረች። እኔም ዘዴ ቀየርኩ። ጩኸቱን አቁሜ፣ ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ መመረቅ ጀመርኩ። «ልጆቼ፣ እጃችሁ የዳሰሰው ይዳን!» ስል አንዷ ነርስ ባለችበት ቆመች፤ መዳፏን ከፍታ «አሜን» አለች። «ወልዳችሁ ሳሙ!» ስል ሁለተኛዋ ቆመች። «ክፉ አይንካችሁ!» ስል ፈቲያም ተያዘች። ምርቃት አቋርጦ መሄድ በእናት ጡት የተከለከለ ነው። እኔም ምርቃቱን ከዘር እስከ ማንዘር አስረዘምኩት። ቁስለኞቹም አሜን ማለት ጀመሩ፤ አጥንቱ ወጥቷል የተባለው ጎረምሳ ሳይቀር ተነስቶ ቆመ።

ጥቁሩ ካርድ ተመልሶ እቴነሽ ላይ ወደቀ። እቴነሽ ግን ከሌሊቱ ጀምሮ አንሶላ ስታጥብ ነበርና፣ ጣውላው ላይ ጋደም እንዳለች እውነተኛ እንቅልፍ ወስዷታል። መትረኗ ስለ ሟቿ በኀዘን እየተናገረች ሳለ ሟቿ ማንኮራፋት ጀመረች። ነርሶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከፈቲያ በቀር።

ለምሳ ዕረፍት ስንወጣ ዳቦና ሻይ ሰጡን። ሽንት ቤት ፍለጋ በጓሮ ስዞር፣ የታጠበው አንሶላ በተሰጣበት ገመድ ሥር ፈቲያን ተቀምጣ አገኘኋት። እያለቀሰች ነበር፤ ስታየኝ ተነሥታ ለእኔ መቀመጫ ልትለቅ ሞከረች። ይኸው ነው በሽታዋ አልኩ በልቤ። እቴነሽ ደግሞ እዚያው አንሶላ እያጠፈች ነበር።

ፈቲያ አጠገብ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ዙር አፌን ዘግቼ እንደ ግንድ እንደምጋደምላት፣ መንገዷን እንደማልዘጋባት ነገርኳት።

ፈቲያ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ራሷን ነቀነቀች። «አይሆንም አባባ። ነገ እውነተኛው አደጋ ሲመጣ የሚመጣውም ሰው እንደ እርስዎ ነው የሚጮኸው፤ እንደ እርስዎ ነው የሚመርቀው። ማን ነግሮ ዝም ያሰኝልኛል? በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ከቅድሙ አብልጠው ይጩኹብኝ።»

«እኔን ጥለሽ መሄድ ግን አልቻልሽም።»

«አልቻልኩም። ትልቅ ሰው እያቃሰተ ጥዬ ብሄድ እናቴ ጡቴን አልጠባሽም ትለኛለች። ዝም በሉ ልልዎትም ሞክሬያለሁ፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

እቴነሽ ከአንሶላው ጀርባ፣ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ሞቻለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ልጩህ አላላችሁኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ አንድ ቀን እርስዎ ዝም ብለው ይተኙና እኔ ልጩህ። እዚህ ግቢ ስኖር ድምፄን የሰማ ሰው የለም» አለችኝ። በሚቀጥለው ሥልጠና ድርሻ እንደምለዋወጣት ቃል ገባሁላት። ለመማል እንኳ እጄን አንስቻለሁ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ብጮህ የልጅቷን እንጀራ እዘጋለሁ፤ ብተወው በአላህ ይዛኛለች። እቴነሽን አየኋት፤ በዚህኛው ዙር አልተኛችም፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። ሲስተር ወርቅነሽ ጥቁሩን ካርድ ከኪሷ ከወዲሁ አውጥታ በእጇ ይዛዋለች።

ፊሽካው ተነፋ። አዘንኩላት፣ ጮኽኩባትም። አዛውንት ሲያቃስት፣ ሲረግም፣ ሲለምን፣ ሁሉን አንድ ላይ አቀረብኩ። ፈቲያ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች። ቀጥታ ወደ እኔ! አለቀላት አልኩ። ጋውኗን ጨምድጄ ያዝኩና፣ «ልጄ፣ ሳልመርቅሽ እንዳትሄጂ» አልኳት። ነርሶቹ ፍጥነታቸውን ቀነሱ። መትረኗ ወደ እቴነሽ አንድ እርምጃ ተራመደች።

ፈቲያ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ ጠዋት ባልሰማሁት ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ እዚህ መሀል ታላቁ እርስዎ ነዎት። እነዚህ መራመድ የሚችሉት ሁሉ ደንግጠዋል፤ መሪ የላቸውም። ሰብስበው ዝግባው ሥር ያድርሱልኝ፤ ምርቃቱንም እዚያው ይጨርሱልኝ። እኔ እየሠራሁ አሜን እላለሁ።»

እጄ ጋውኗን ለቀቀ። ልብ በሉ፣ መልቀቅ አልፈለግሁም ነበር፤ በራሱ ለቀቀ። ሽማግሌ ሆኖ «እርስዎ ይምሩልን» ተብሎ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚቀር ማን ነው? ወለም ያለው እግሬ ተረሳኝ። ብድግ አልኩና፣ ከጡረታ ወዲህ ያልወጣው እውነተኛው ድምፄ ወጣ፦ «መራመድ የምትችሉ ወደ ዛፉ! ጠጋ ጠጋ በሉ! በሩ ላይ አትቁሙ!» የምን በር? በር የለም። ቁስለኞቹ ግን እየተንጋጉ ተከተሉኝ፤ አጥንቱ የወጣው ጎረምሳ ሊከተለኝ ሲል «አንተ ተኛ!» ብዬ መለስኩት። ዛፉ ሥር ደርሰን መመረቅ ጀመርኩ። «እጃችሁ የዳሰሰው ይዳን!»

«አሜን» የሚል ድምፅ ከወዲያ መጣ። ፈቲያ እቴነሽ ላይ ተደፍታ፣ በሁለት እጇ ጭኗን ተጭና፣ ሌላዋ ነርስ እያሰረች ነበር። ቀና አላለችም። «ክፉ አይንካችሁ!» አልኩ። «አሜን፤ ቀይ ካርድ አምጡ» አለች። «ዕድሜ ይስጣችሁ!» «አሜን፤ ቃሬዛ!» በአንድ ትንፋሽ አሜኑንም ትእዛዙንም።

ሲስተር ወርቅነሽ ጎንበስ ብላ የእቴነሽን እስር በጣቷ ሞከረች። ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ጥቁሩን ካርድ ወደ ኪሷ መለሰችና፣ «ቁስለኛዋ ወደ ቀዶ ሕክምና ትግባ» አለች። ግቢው በጭብጨባና በእልልታ ተናወጠ። እልል ካሉት መሀል አንዷ ቃሬዛ ላይ የተጋደመችው እቴነሽ ናት፤ መትረኗ «አንቺ ራስሽን ስተሻል» ብላ ዝም አሰኘቻት። ፈቲያ ድንገተኛ ክፍል እንደምትቀር የተነገራት እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ወደ እኔ መጥታ ሌላኛውን ጉልበቴን ሳመች፤ አንደኛው እንዳይቀየም ነው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ለምን እንደመጣሁ ትዝ ያለኝ። ግፊቴን የለካችልኝ ራሷ ፈቲያ ናት። ማሽኑን ሁለቴ አየችውና፣ ከዚህ በፊት ከተለካው ሁሉ የተሻለ መሆኑን ነገረችኝ። መድኃኒቱ ጩኸት ኖሯል።

ቀለሙን ሳልታጠብ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ አንዲት ሴት ጀሞ እስክንደርስ ደግፋ ይዛኝ መጣች፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ ደህና ነኝ ለማለት አልቻልኩም። ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ጎረቤቶች ወጥተው ደረታቸውን ሊደቁ ሲሉ ዘነበች በሩን ከፈተች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ግንባሬን በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

«ግፊትህ በግንባርህ ወጣ?» አለችኝ።

ታሪኩን ስነግራት ሬዲዮውን አጠፋችው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔን ለመስማት ሬዲዮ አጠፋች። ሬዲዮውን ለጎረቤት መናዘዜን ግን አልነገርኳትም፤ ይህን ስታነብ ነው የምታውቀው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ለውጦኛል ስላችሁ አትሳቁ። ትንሽ ሳቁ እንጂ ብዙ አትሳቁ። ጡረታ የወጣ ሰው ዓለም ከእሱ የምትፈልገው ዝምታ ብቻ ይመስለዋል። እኔም ሰው እንዲያየኝ ብዬ ነበር የምጮኸው ለካ። ፈቲያ ግን አላባበለችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ ሥራ ሰጠችኝ። ቤታችሁ ውስጥ የሚነጫነጭ ሽማግሌ ካለ ዝም በል አትበሉት። ዛፍ ፈልጉና ሰው አስከትላችሁ ስደዱት። ዛሬ ሥልጠና በተዘጋጀ ቁጥር ሆስፒታሉ ይጠራኛል፤ ለቡ ላይ ቆስያለሁ፣ በጎርፍ ተወስጃለሁ፣ ከእሳት ወጥቻለሁ። አዳዲስ ነርሶች ሲመጡ ሲስተር ወርቅነሽ የምታስተምራቸው አንድ ነገር ተጨምሯል፤ ከሚራመዱት መሀል ታላቁን ፈልጋችሁ ሹሙት ትላቸዋለች።

ክረምት ላይ ደግሞ እውነተኛው መጣ። በሀና ማርያም በኩል አንድ ሚኒባስ በዝናብ ተንሸራቶ ተገልብጦ፣ ሰዎቹን ወደዚያው ሆስፒታል አመጧቸው። ተረኛዋ ፈቲያ ነበረች። አንዲት እናት ጋውኗን ይዘው ሲያለቅሱ፣ ጉልበታቸውን ስማ የሚራመዱትን እንዲሰበስቡላት ሾመቻቸው። ጥግ ላይ ዝም ብሎ ወደ ተቀመጠው ጎልማሳ የደረሰችው በዚያች ፋታ ነው። ዝም ያለው ውስጡ እየደማ ስለነበር ነው፤ ዳነ። ሁሉም ወደየቤታቸው ገቡ። ይህን ስትነግረኝ ጥቁሩን ካርድ ከኪሷ እንዳላወጣችው አክላ ነገረችኝ፤ እኔም እዚያው ቆሜ መረቅኳት።

አንድ ዕዳ ግን አለብኝ። እቴነሽ በየሥልጠናው አጠገቤ ትጋደምና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ተራዬ ነው አይደል?» ትለኛለች። «ዛሬማ የአንቺ ነው» እላታለሁ፤ ከልቤ ነው የምላት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ እተኛለሁ። ከዚያ ፊሽካው ይነፋል፣ እሷም ለመጮህ አየር ትስባለች፣ እኔ ግን ቀድሜያት ጮኼ እገኛለሁ። ባለፈው ጊዜ አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ በጣቶቼ መሀል አመለጠኝ። ሁለት ጊዜ የሞተችልኝ ሴት ናት፤ የጠየቀችኝም አንድ ዝምታ ብቻ ነው። እስካሁን አልከፈልኳትም።